የሚሊሜትር ሚስት ቀሚስ

ሰፈሩ በሙሉ «ሚሊሜትር» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ አለ፤ ከዚያ ውጪ የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም። ልብስ ሰፊ ነው፤ ያውም እንዴት ያለ ልብስ ሰፊ! የሰፋልህ ሱሪ አንድ ጣት ቢረዝምብህ «ሱሪው ደህና ነው፣ አንተ ነህ ያጠርከው» ብሎ ሽንጡን ገትሮ ይከራከርሃል። የሚገርመው ደግሞ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። የጨረሰውን ልብስ ደንበኛው ላይ ሲያየው ጣቱን ቀጭ ያደርግና «ልክ!» ይላል። ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም።

በሱቁ ውስጥ ሁለት ሕግ አለ። አንደኛው፣ ደንበኛ ሲለካ ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ ይቆማል። «ሰው ራሱን ካየ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ደረቱን ይነፋል፤ ልኩ ይበላሻል» ይላል ሚሊሜትር። ሁለተኛው፣ ከስፌቱ ወደ ውስጥ የሚታጠፈውን ትርፍ ጨርቅ እንደ ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች አይሰስትም። ሁለት ጣት ሙሉ ይተዋል። ይሄንን ትርፍ «የነገ» ይለዋል። ሰው ይወፍራል፣ ሰው ያረግዛል፣ ሰው ደስ ብሎት ይበላል፤ ስለዚህ ለነገ ይተውለት ባይ ነው። ለሚስቱ ሲሆን ደግሞ አራት ጣት ይተዋል።

እሱ ራሱ አጭር ነው። እንዲያው ሰው ላይ ለማውራት ብዬ አይደለም፣ የመቁረጫ ጠረጴዛውን እግር በመጋዝ አሳጥሮ ነው የሚሠራው። ሚስቱ ደግሞ አምፖል ለመቀየር ወንበር የማትፈልግ ሴት ናት። ሊጋቡ ሲሉ ወንድሞቿ «ይሄ ሰው ልክሽ አይደለም» ብለው አኩርፈው ነበር። እሷ ሳቀችና አገባችው። እሱም በተጋቡ በሳምንቱ ሜትሩን አውጥቶ ለካት፣ በወፍራም ወረቀት ላይ ቅዷን ቆረጠ፣ «ረጅሟ» ብሎ ጻፈበትና ከሱቁ በር ጀርባ ምስማር ላይ ሰቀለው። የመጨረሻ ልጃቸው ስትወለድ አንድ ጊዜ እንደገና ለክቷት ወረቀቱን አስተካክሏል። ያ እንግዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ «የሚስቴን ልክ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» እያለ ከዚያው ወረቀት ላይ ይቆርጣል።

ረጅሟ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጣች። ስንት ሺህ አንሶላ እንዳጠበች፣ ስንቱን የተቀደደ እንደጠገነች እሷው ታውቃለች። ጡረታ በወጣች በወሩ «ቁጭ ብዬ ጣሪያ አልቆጥርም» አለችና ሰፈር ካለው ቤተ መጻሕፍት ሄዳ ለትልልቅ ሰዎች በሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ተመዘገበች። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ትማራለች። ከትምህርት ስትመለስ ቀጥታ ሱቁ ትገባና የተማረችውን ለባሏ ታስተምራለች። እሱ የስፌት መኪናውን እየረገጠ «እሺ፣ እሺ» ይላል። አንዲትም ቃል አልያዘ!

አንድ ሐሙስ ግን ገብታ ዝም አለች። ሚሊሜትር መኪናውን አቆመ።

«ዛሬ አልተማራችሁም እንዴ?»

«ተምረናል። ሁለት ቃል ነው የተማርነው። አንዱ «ፊት» ነው፣ አንዱ «ሱት»።»

«ሱትማ ሙሉ ልብስ ነው። እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

«ያ ሌላ ነው፣ አርፈህ ስማ። «ፊት» የሚሉት ልብሱ ልክህ ሲሆን ነው፤ አልጠበበም፣ አልሰፋም፣ አልረዘመም። «ሱት» የሚሉት ደግሞ ሲያምርብህ ነው። ለብሰኸው ሰው ሲያይህ፣ ይሄ ልብስ የሱ ነው ሲል። አስተማሪዋ ምን አለች መሰለህ፣ ልክ ሆኖ የማያምር አለ፣ ልክ ሳይሆን የሚያምርም አለ።»

«ልክ ሳይሆን የሚያምር ልብስ የለም» አለ ሚሊሜትር። እሷ የተናገረችው ዓይነት ክህደት ሱቁ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም።

«አስተማሪዋን ሄደህ ተከራከራት። ብቻ ለእያንዳንዱ ቃል ከራሳችሁ ኑሮ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ተባልን። ለመጀመሪያው ተነሳሁና 'ባሌ የሚሰፋልኝ ልብስ ሁሉ ልኬ ነው' አልኩ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበልኝ።»

ሚሊሜትር ደረቱ ሰፋ። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ መልሶ አንገቱ ላይ አደረገው።

«ለሁለተኛውስ?»

«ለሁለተኛው ዝም አልኩ።»

«እንዴት ዝም?»

«ምንም አልመጣልኝማ። የሚያምርብኝ ምን አለ ብዬ ባስብ ባስብ ምንም አጣሁ። አስተማሪዋ 'እንዲሁ አንድ ነገር በይ' አለችኝ፤ የውሸት ዓረፍተ ነገር አልናገርም አልኳት። የሚመጣው ሐሙስ የመዝጊያ ቀን ነው፣ ቤተሰብ ሁሉ ይጠራል፣ እየተነሳን ሁለት ሁለታችንን እንናገራለን። 'እስከዚያ ፈልጊ' አለችኝ።»

«ምን ፍለጋ ያስፈልጋል? ይሄ የለበስሽው ግራጫ ያምርብሻል!»

«ማን አለ?»

«እኔ ነኛ!»

«መቼ ብለኸኝ ታውቃለህ?» አለችው።

ተቆጥታ አይደለም። ቢሆን ይሻለው ነበር። ትከሻው ላይ የተለጠፈውን የክር ቁራጭ አነሳችለትና ወደ ቤት ሄደች። ሚሊሜትር እግሩን መርገጫው ላይ እንዳደረገ ቀረ።

እዚህ ላይ እንዳትፈርዱበት። የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል ይባል የለ? ሰውየው ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሚስቱን አልብሷል። ሁሉም ግን ከደንበኛ ሱሪና ኮት የተረፈ ጨርቅ ነው፤ ግራጫ፣ ቡኒ፣ ጥቁር ሰማያዊ። ጠንካራ ጨርቅ ነው፣ አይለቅም፣ አይሸበሸብም። ለሙሽሮችና ለሹመኞች ሚስቶች አበባ የመሰለ ልብስ ሲሰፋ፣ ይሄ ለኔይቱ እንዴት ይሆን ነበር ብሎ አንድ ቀን አላሰበም። ልክ መሆኑን ብቻ ነበር የሚያስበው። አሁን ያቺ ሴት ሰው በተሰበሰበበት ተነስታ አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ልታጣ ነው፤ ያጣችውም በሱ ነው።

«ሐሙስ ሳይደርስ የሚያምርባትን ቀሚስ እሰፋላታለሁ» ብሎ ለራሱ ማለ። ያውም በድብቅ።

ችግሩ የሚያምርባት ምን እንደሆነ አያውቅም። ዓርብ ቁርስ ላይ ጎንበስ ብላ ስትበላ ከኪሱ አንዲት ቀይ እራፊ አውጥቶ ጉንጯ አጠገብ ያዘ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ዝንብ ነው።»

ቅዳሜ አረንጓዴ እራፊ ይዞ ከኋላዋ መጣ። «ዛሬም ዝንብ ነው?» አለችው ሳትዞር። እሁድ በዘዴ ልጠይቃት ብሎ «የዘንድሮ ሰው ምን ዓይነት ቀለም ነው የሚወደው ትያለሽ?» አላት። «የትኛው ሰው?» አለችው። እሱም «ሰው ነዋ፣ በጠቅላላው» ብሎ ወጣ። ሰኞ ምንም የለም። ማክሰኞ ደረሰ።

ማክሰኞ ከሰዓት እሷ ወደ ትምህርቷ ስትሄድ ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤት ሮጠ። ቁም ሳጥኗን ከፈተ። ከልብሶቿ መሃል አንድ ፍንጭ አላጣም ብሎ ነበር፤ ምን ፍንጭ አለ፣ ሁሉም የሱ የራሱ ሥራ ነው! ሰባት ቀሚስ ተሰልፎ ተሰቅሏል። አንዱን ግራጫ አወረደና፣ ልብስ ሰፊ እጁ አያርፍምና፣ ገለበጠው።

ዓይኑን ማመን አቃተው። የጎኑ ስፌት የሱ አይደለም።

መነጽሩን ጠርጎ እንደገና አየው። በመኪና የሰፋው ስፌት ከብብት እስከ ዳሌ ተፈትቷል፤ ወደ ውጪ ተገፍቶም በእጅ ተሰፍቷል። አራት ጣት አድርጎ ከተወው «የነገ» የቀረው ግማሽ ጣት ነው። ቡኒውን አወረደ፤ እሱም ተፈትቷል። ሰማያዊውን አወረደ፤ እሱም እንደዚያው። ሰባቱም! ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት።

ሰፈሩ ይሄንን ሰውዬ «ፋሽን» ይለዋል። ሱቁ ፊት ለፊት ልብስ የለበሱ አሻንጉሊቶች ያቆማል፣ ሙዚቃ ይከፍታል፣ ደንበኛን መስታወት ፊት ያሽከረክራል። ሚሊሜትር ከሱ ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ ሰላም የሚባባለው በአገጩ ብቻ ነው። «ሚስቴ ፋሽን ጋ ሄዳ አስተካከለችው!» አለ ጮክ ብሎ፣ ባዶ ቤት ውስጥ። ሚስት ከሌላ ወንድ ጋር ብትታይ ሰው እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፤ ሚሊሜትር ግን ከሌላ ልብስ ሰፊ ጋር ሄደች ብሎ ሲያስብ የቁም ሳጥኑን በር እንኳ ሳይዘጋ ተነሳ። የመጀመሪያውን ግራጫ ቀሚስ በጋዜጣ ጠቅልሎ እየተንደረደረ መንገዱን ተሻገረ።

«ይሄንን አንተ ነህ የሠራኸው?» ብሎ ፋሽን ጠረጴዛ ላይ ወረወረው።

ፋሽን መጀመሪያ ሙዚቃውን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ቀሚሱን ገልብጦ፣ ስፌቱን ወደ ብርሃን አስጠግቶ፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ለኛ ስፌት ስፌት ነው፤ ለነሱ ግን የእጅ ጽሑፍ ማለት ነው፣ ማን እንደሰፋ ያነቡታል። አንብቦ ሲጨርስ ሳቁ መጣበት።

«አንተ ሚሊሜትር፣ ቅናት ዓይንህን ጋረደህ እንዴ? ይሄ እንኳን የኔ የልብስ ሰፊም እጅ አይደለም። አጠር አጠር ያለ፣ ድርብ፣ ዝሆን ቢጎትተው የማይፈታ ነው። ይሄ አንሶላ ሲጠግን የኖረ ሰው እጅ ነው። ደግሞ ክሩ ወዴት እንደተጋደመ ተመልከት። ግራኝ ናት።»

ሚሊሜትር በአጠገቡ ያገኘው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። በሰፈሩ የሚያውቃት ግራኝ አንዲት ብቻ ናት። ሠላሳ አራት ዓመት ማዕድ ላይ ክርኗ ከክርኑ ጋር ሲጋጭ የኖረች።

«ሚስትህን ከለካህ ስንት ዓመትህ ነው?» አለው ፋሽን።

«ሃያ ሁለት።»

«ሃያ ሁለት!» ፋሽን ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የሰውየውን ፊት ሲያይ ተወው። ቀሚሱን አጣጥፎ፣ መልሶ በጋዜጣው ጠቀለለና እቅፉ ላይ አስቀመጠለት። ውሃም ቀዳለት። እግዜር ይስጠው፣ የዚያን ቀን ሰው ሆነ።

ሚሊሜትርን የበላው ነገር ልብሱ መጥበቡ ብቻ አልነበረም። ያንን የተጨበጨበለትን ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስበው። «ባሌ የሚሰፋልኝ ልብስ ሁሉ ልኬ ነው» ብላ ሃያ ሰው ፊት ተነስታ ተናግራለች፤ እሱም ደረቱን ነፍቶ ሰምቷል። ለካ ልኩን የምትሠራው እሷ ናት። ስሙን የተሸከመችለት እሷ ናት። የሚያምርባት አለመኖሩ አንሶ፣ ልክ የሆናት እንኳ ከሱ አይደለም! ሱቁ ተመልሶ ቀሚሱን በግልባጩ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና ጠበቃት።

ረጅሟ ደብተሯን ይዛ ገባች። ቀሚሱን አየች፣ እሱን አየች፣ ደብተሯን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ደረስክበት» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? አዲስ ቀሚስ ይዘህልኝ ትመጣለህ፣ እለብሳለሁ፣ ትንፋሽ አጥቼ እቆማለሁ። አንተ ደግሞ ጣትህን ቀጭ አድርገህ 'ልክ!' ትላለህ። ፊትህ እንደ ሕፃን ልጅ ነው የሚበራው። በምን አንጀቴ ላጥፋው?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«የለም፣ አሥራ ስምንት ቢሆን ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ትንፋሼን ይዤ ኖርኩ።»

ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። «የውሸት ዓረፍተ ነገር አልናገርም ብለሽ አልነበር? እዚያ ቆመሽ ስለኔ ዋሸሽ።»

«እኔ አልዋሸሁም!» አለች፤ አሁን እውነትም ተቆጣች። ቀሚሱን አነሳችና ጎኑን ዘርግታ አሳየችው። «ይሄ አራት ጣት ትርፍ ከየት መጣ? ማን ተወልኝ? በሱቁ ውስጥ ሌላ አራት ጣት የሚተውለት ደንበኛ አለ? ጨርቁን አንተ ባትተውልኝ ኖሮ እኔ ምኑን ፈትቼ ምኑን እሰፋው ነበር? አንተ የነገን ትተዋለህ፣ ነገ ሲመጣ እኔ እፈታዋለሁ። ሁለታችን ሰፍተነው ልኬ ሆኗል። የቱ ጋ ነው ውሸቱ?»

ሚሊሜትር ስፌቷን በጣቱ ዳሰሰ። እንባው መጣ። መነጽሩን አወለቀና ያገኘውን የገበር ቁራጭ አንስቶ ዓይኑን ጠረገ፤ ገበሩ ደግሞ ተንሸራታች ነው፣ እንባ አይጠርግም። እሷ ነጠቀችውና በመዳፏ ጠረገችለት።

«ነዪ፣ ቁሚ» አላት። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ።

እንደ ልማዷ ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ ቆመች። ትከሻዋን ይዞ አዞራት። በዚያ ሱቅ ውስጥ እንዲህ ሲደረግ የመጀመሪያው ነው። መስታወቱ ውስጥ ሁለቱም ታዩ፤ እሷ ሽበቷ ግንባሯ ላይ ተንዠርጎ፣ እሱ ከትከሻዋ በታች መነጽሩን አጋድሞ። ለካት። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ክንድ፤ ሁሉንም ጻፈ። ሆዷን ወደ ውስጥ አልሳበችም። እሱም ቁጥሩን ሲያይ ምንም አላለም። ከዚያ በር ጀርባ ሄደና ያንን ዳሩ የተበላ ወረቀት ከምስማሩ አወረደው።

«ምን ዓይነት ቀለም ትወጃለሽ?»

«ዝንቡ እሱ ነበር?» አለችና ሳቀች። «በሠላሳ አራት ዓመትህ ዛሬ ጠየቅከኝ?»

«ዛሬ ጠየቅኩሽ።»

«ብጫ።»

«ብ...ጫ» አለ ሚሊሜትር።

«ምነው? ጉሮሮህ ላይ ምን ገባ?»

«ምንም። ብጫ ጥሩ ነው። ብጫ በጣም ጥሩ ነው።»

«ደግሞ ሰፊ እንዲሆን ነው የምፈልገው። ንፋስ የሚገባው። ወገቤ ላይ የማይዘኝ።»

«ምን ያህል ሰፊ? በጣት ንገሪኝ።»

«በጣት አላውቅም። ስዞር አብሮኝ የሚዞር።»

ይሄንን ለሚሊሜትር መንገር ማለት እንግዲህ ለሒሳብ አስተማሪ «ሁለትና ሁለትን እንደፈለግክ ደምረው» ማለት ነው። ግን ዋጥ አደረገው። የዚያኑ ዕለት አመሻሹ ላይ ጨርቅ መሸጫ አብረው ሄዱ። እሱ ጠንካራውን፣ የማይሸበሸበውን እየመዘዘ ሲያሳያት እሷ አልፋው ሄደችና ስስ፣ ልስልስ ያለ፣ በቀላሉ የሚጨማደድ ብጫ ጨርቅ በግራ እጇ ያዘች። ይዛው ቀረች። ሚሊሜትር እጇን አየ፣ ፊቷን አየ። ስለ ጨርቁ ጥንካሬ ሊናገር የነበረውን ሁሉ እዚያው ረሳው።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሰፋ። ወገቡ ላይ ሲደርስ እጁ በራሱ ጊዜ ጠበብ ያደርገዋል፤ ፈትቶ ያሰፋዋል። ሁለቴ ፈታ፣ ሁለቴ ሰፋ። አመሻሹ ላይ ስትሞክረው ጎኑ ላይ የተረፈውን ጨርቅ ሲያይ አላስቻለውም፤ መርፌ ቁልፍ ይዞ ጠጋ አለ። እጁን መታችው። «ተው ብያለሁ!» አለችና መስታወቱ ፊት ዞረች። ቀሚሱም አብሯት ዞረ። ሚሊሜትር መርፌ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ሐሙስ የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ሞላ። ተማሪዎቹ ፊት ለፊት ተደርድረዋል፤ ጡረታ የወጣ ሾፌር፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ሁለት ጥበቃዎች፣ አዋላጅ የነበረች ሴት። ሚሊሜትር የሥራ ልብሱን ቀይሮ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ ከኋላ ተቀመጠ። ያልጠራው ፋሽን መጥቶ አጠገቡ ቁጭ አለ።

«አንተን ማን ጠራህ?»

«ስፌቱን ያነበብኩት እኔ፣ መጨረሻውን ሳላይ ልቅር እንዴ?» አለ ፋሽን። ከዚያ ረጅሟ ስትገባ አየና ጎኑን በክርኑ ጎሸመው። «ሚሊሜትር፣ መቀስህን አሞታል? ጎኑ እኮ ሌላ ሰው ያስገባል።»

«ዝም በል» አለ ሚሊሜትር። «ዝም ብለህ እያት።»

ፋሽንም ዝም ብሎ አያት። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ «ቀናሁብህ» አለው። ከሃያ ዓመት አኩራፊ ጎረቤት እንዲህ ያለ ቃል መስማት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሚሊሜትር ግን የሰማው አይመስለኝም።

ተራዋ ደረሰ። ተነሳች፤ ከሁሉም በላይ ሆና ቆመች። ደብተሯን ወንበሯ ላይ ትታዋለች። በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዷን ቃል እንደ ቁልፍ እየቆለፈች ተናገረች። ሚሊሜትር ከሁሉም ውስጥ የሚያውቃቸው ሁለቱን ቃላት ብቻ ነው፤ መጀመሪያ አንዷን ሰማ፣ ከዚያ ሁለተኛዋን። ሰው አጨበጨበ። አስተማሪዋ ደስ ብሏት ወደሚቀጥለው ተማሪ ዞረች።

ረጅሟ ግን አልተቀመጠችም። ጉሮሮዋን ጠረገችና አንዲት አጭር ነገር ጨመረች። መጀመሪያ አዋላጇ ሳቀች፣ ከዚያ ሾፌሩ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። አስተማሪዋ አፏን በእጇ ያዘች። ከፊት ያሉት ሁሉ አንገታቸውን እየመዘዙ ወደ ኋላ ዞረው ሚሊሜትርን አዩት።

«ምን አለች? ምን አለች?» አለው ፋሽንን።

«እኔ ምን አውቄ! ግን ስላንተ ነው።»

ሚሊሜትር ላብ አጠመቀው። የልብሱን ነገር ተናገረችው፣ ያ ሁሉ የተፈታ ስፌት አደባባይ ወጣ አለ በልቡ። ይገባኛልም አለ። ብቻ ስትወጣ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ደብተሯን ተቀበላትና ሁለቱ ወደ ቤት መሄድ ጀመሩ። ነፋስ ነበር፤ ብጫው ቀሚስ አንድ ጊዜ ሞላ ይላል፣ አንድ ጊዜ ይረግፋል። ጥጉ ላይ ያለውን መድኃኒት ቤት እስኪያልፉ ድረስ ታገሰ፣ ከዚያ በላይ አልቻለም።

«ምን ብለሽ ነው?»

«ስለ ቀሚሱ ነዋ። 'ይሄ ቀሚስ ልኬ አይደለም፣ ግን ያምርብኛል' አልኩ።»

«እሱማ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ያልሽውን ነው የምልሽ፣ ያ ሁሉ ሰው የሳቀብኝን።»

«አልሳቁብህም።»

«ታዲያ?»

ቆመች። እሱም ቆመ። አንገቱን ቀና አድርጎ አያት፣ ሠላሳ አራት ዓመት ቀና እያለ እንዳያት።

«'ባሌም እንደዚሁ ነው' አልኩ» አለችው። «ወንድሞቼ እኮ እውነታቸውን ነበር። ልኬ አይደለህም። አንድ ቀን ልኬ ሆነህ አታውቅም። ግን ታምርብኛለህ።»

ሚሊሜትር እጁ እንደ ልማዱ ጣቱን ቀጭ ሊያደርግ ተነሳ፤ ሳያደርገው ቀረ። መነጽሩን ማውለቅ ግድ ሆነበት።

«ድገሚልኝ እስቲ» አላት።

«በእንግሊዝኛው ነው በኛው?»

«በሁለቱም።»

ክንዱን ያዘችና፣ እየሄዱ ደገመችለት።